ካውያ መመሪያ አይፈልግም

[ሳሎን። ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ ታጥፎ ተነጥፏል፤ ላዩ ላይ ዛሬ የተገዛ የእንፋሎት ካውያ ተቀምጧል። ሁለት ወንድማማቾች በካናቴራ ብቻ ቆመዋል። ታናሽ የካውያውን መመሪያ ይዟል፤ ታላቅ ሊቀማው እጁን ዘርግቷል።]

ታላቅ፦ አምጣ አልኩህ። ካውያ እኮ ነው፤ አውሮፕላን መሰለህ?

ታናሽ፦ ጋሼ፣ አንድ ገጽ ብቻ ላንብብ።

ታላቅ፦ እዚህ ቤት ስንት ዕቃ ገዛሁ? የአንዱን እንኳ መመሪያ ከፍቼ አውቃለሁ?

ታናሽ፦ አታውቅም።

ታላቅ፦ እና ምን ሆነ?

ታናሽ፦ ጁስ መፍጫው ፓፓያውን ጣሪያ ላይ ረጨው።

ታላቅ፦ ከዚያ በኋላስ?

ታናሽ፦ ከዚያ በኋላማ ተበላሽቶ ቀረ።

ታላቅ፦ እሱ የፋብሪካው ጥፋት ነው።

ታናሽ፦ [ማንበብ ጀመረ] «ከመጀመሪያው አገልግሎት በፊት፣ ካውያውን...»

ታላቅ፦ ዝለለው። መጀመሪያ ላይ የሚጽፉት ለደነዝ ነው።

ታናሽ፦ ፈርቼ ነው ጋሼ። ዛሬ እኮ የማገባት ልጅ አባት ዘንድ ነው የምንሄደው። ሰውየው ደግሞ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሰው ሲመጣ ከፊቱ በፊት ሸሚዙን ነው የሚያዩት ብላኛለች።

ታላቅ፦ እኔ አብሬህ እየሄድኩ ምን ያስፈራሃል? ተናጋሪው እኔ ነኝ። አንተ ፈገግ ትላለህ፣ በቃ። ሂድ ሸሚዝህን አምጣ።

ታናሽ፦ መጀመሪያ ያንተን ብትተኩስስ?

ታላቅ፦ የኔ ይደርሳል። ባለጉዳዩ ይቅደም።

[ታናሽ መመሪያውን እንደያዘ መኝታ ቤት ገባ። ቆየት ብሎ አንድ ነጭ ሸሚዝ ይዞ ወጣ።]

ታላቅ፦ እናታችንም እኮ ታስቃለች። አንድ ዓይነት ሸሚዝ ገዝታ መንታ አስመሰለችን። [ኮሌታውን አየ] ይሄ ግን ምንድን ነው? ኮሌታህ ተበልቶ አልቋል።

ታናሽ፦ ተበልቷል እንዴ?

ታላቅ፦ እንዲህ የሚበላው የወሬኛ ሰው ኮሌታ ነው። ሲለፈልፍ አንገቱ ይፈጨዋል።

ታናሽ፦ እኔ እንኳ ብዙም አላወራም።

ታላቅ፦ በሆድህ ታወራለህ። ይልቅ ሶኬቱን ሰካው።

ታናሽ፦ [ሰካና መመሪያውን ገለጠ] «ከካውያው ሥር የተለጠፈውን ላስቲክ ይላጡ።»

ታላቅ፦ እንዳትነካው። ልብስ እንዳያቃጥል ብለው ነው የለጠፉት።

ታናሽ፦ «ውሃ ይሙሉ።»

ታላቅ፦ ኤሌክትሪክ ላይ ውሃ? ልታስጨርሰኝ ነው? አየህ፣ መመሪያ የሚያነብ ሰው እንደዚህ ነው በአጭር የሚቀረው። [ሸሚዙን ዘርግቶ መተኮስ ጀመረ]

ታናሽ፦ ጋሼ፣ የሆነ ነገር ይሸታል።

ታላቅ፦ አዲስ ዕቃ ይሸታል። አዲስ ጫማ አይሸትም?

ታናሽ፦ ይሄ ግን ይጨሳል።

ታላቅ፦ የእንፋሎት ካውያ አይደል እንዴ? እንፋሎቱ ነው።

ታናሽ፦ ውሃ ሳይኖረው?

ታላቅ፦ [ለአፍታ አሰበ] አንተ ልጅ፣ በጥያቄ ሥራ አታስፈታኝ።

[ካውያውን አነሳ። ሸሚዙም አብሮ ተነሳ።]

ታናሽ፦ ተከተለህ።

ታላቅ፦ ጨርቁ ነው፣ ጥራት የለውም። ንቀለው። ሶኬቱን ንቀለው።

[ታናሽ ነቀለ። ታላቅ ሸሚዙን ጎትቶ አላቀቀው። ደረቱ ላይ የካውያው ቅርጽ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ያዩታል።]

ታናሽ፦ ኪስ ነበረው አይደል?

ታላቅ፦ ና እስኪ ቁጭ በል። ሸሚዝ ምንድን ነው? ጨርቅ ነው። ለአንድ ጨርቅ የሚናደድ ወንድ ሚስት አግብቶ ምን ሊሆን ነው?

ታናሽ፦ ከልብህ ነው?

ታላቅ፦ እንዴታ። ኮትህን ደርበህ እስከ ላይ ትቆልፈዋለህ። ሰውየው «ሞቋል፣ አውልቅ» ካሉህ «በርዶኛል» ትላለህ።

ታናሽ፦ ላብ በላብ ሆኜም?

ታላቅ፦ ያኔማ በደንብ ትላለህ። አሞታል ብለው ያዝኑልሃል። ብቻ እንዳትቀየመኝ።

ታናሽ፦ አልቀየምም። አንተም አትቀየምም?

ታላቅ፦ እኔ ምን ቤት ነኝ?

ታናሽ፦ እናቴን በል።

ታላቅ፦ እናቴን።

[ታናሽ መኝታ ቤት ገባ። ትንሽ የተጨማደደ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ቁልፉን እየቆለፈ ተመለሰ።]

ታላቅ፦ የኔን ሸሚዝ ማን ልበስ አለህ?

ታናሽ፦ ይሄ የኔ ነው። ኮሌታውን እየው፣ አልተበላም።

[ታላቅ የታናሽን ኮሌታ አየ። የተቃጠለውን ሸሚዝ ኮሌታ አየ። ቀስ ብሎ የራሱን አንገት ዳበሰ።]

ታላቅ፦ አውቀህ ነው የኔን ያመጣህልኝ?

ታናሽ፦ ጨርቅ ነው ስትለኝ ነበር።

ታላቅ፦ ምን በድዬህ ነው ግን? ወንድምህ አይደለሁም?

ታናሽ፦ ምንም አልበደልከኝም። ዝለለው ያልከኝን መስመር መኝታ ቤት ገብቼ ጨረስኩት። [መመሪያውን አውጥቶ አነበበ] «ከመጀመሪያው አገልግሎት በፊት፣ ካውያውን የማይሳሱለት ጨርቅ ላይ ይሞክሩ።»

[ታላቅ ኮቱን ከወንበሩ አንስቶ ካናቴራው ላይ ደረበ፣ እስከ አንገቱም ቆለፈው።]

ታናሽ፦ ሰውየው አውልቅ ካሉህስ?

ታላቅ፦ በርዶኛል።