አርባና ሃያ ሃምሳ ሁለት ነው

ዘይኑልአቢዲን በሃያ ዓመቱ ፈንጂ ረግጦ፣ ሞቷል ተብሎ ከሬሳ ጋር ከተጋደመበት በገዛ ጩኸቱ የተረፈ ሰው ነው። ያ ድምፅ ከዚያን ቀን ወዲህ አርፎ አያውቅም። የቀድሞ ወታደር ባለበት ከተማ ሁሉ የሰውን ጉዳት በመቶኛ የሚተምን አንድ ሰው አይጠፋም፤ የኮምቦልቻው ክቡር የመቶኛ ሚኒስትር እሱ ነው።

ሰላምታው ስሌት ነው። የሚያነክስ ሰው ሲያልፍ ካየ፣ ከሻይ ቤቱ ደጃፍ ሆኖ "ጉልበት ብቻ ነው ወይስ ዳሌም አለበት?" ይላል። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሟቹን መቶኛ ለሚስቱ አስልቶላታል።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ ያለ አስተማሪ ነው፤ በመደመር ግን አልታማም። እኔም ጦር ሜዳ ፍንጣሪ የመታኝ ነኝ፤ ሐኪም እግሬን አርባ፣ እጄን ሃያ ስላለ "ስልሳ ነኝ" አልኩት።

"ሃምሳ ሁለት ነህ" አለኝ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ። "እግርህ አርባውን ወሰደ። ስንት ቀረህ?"

"ስልሳ።"

"የእጅህ ሃያ በመቶ የሚታሰበው ከቀረው ላይ ነው፤ የስልሳው አሥራ ሁለት። ወላሂ፣ እንደ አንተ ቢደመርማ ስንቱ ከመቶ አልፎ ሻይ ይጠጣ ነበር። ሌላ የደበቅከው አለ?"

"የለም" አልኩ።

ነበረኝ። ከዚያ ፍንጣሪ ወዲህ ሽንቴን መቋጠር አልችልም። ከባለቤቴ ከወርቅነሽ በቀር የሚያውቅ የለም። አሁን ኩላሊቴም መታመም ጀምሯል፤ ደሴ ላለው፣ የወታደር ጉዳት ለሚመዝነው የሐኪሞች ቦርድ ካልተናገርኩ ደግሞ የሚያክመኝ የለም።

የቀጠሮዬ ቀን ዘይኑልአቢዲን ሳልጠራው ተከትሎኝ ደሴ ወጣ። ታክሲው ዳገቱን ሲጀምር እሱም ጀመረ። "እኔ ጉልበቴ ሠላሳ፣ ጆሮዬ ሃያ፣ ሽንት አልቋጥርም፣ እሱ አሥር። ድምሩ ሃምሳ ግድም!"

"ጋሼ፣ ግማሽ ሰው ከሆኑማ ግማሽ ይክፈሉ" አለ ረዳቱ። ታክሲው በሳቅ ተናወጠ። እኔ ያፈርኩት ስለ እኔ የተነገረ ያህል ነው፤ ፊቴን በጋቢዬ ሸፈንኩ።

ቦርዱ ፊት አብሮኝ ገባ። ወጣቷ ዶክተር እግሬንና እጄን አይታ "ሌላስ፣ አባቴ?" አለችኝ። ወለሉን አየሁ።

"እንደ እሱ ነኝ" አልኩ በመጨረሻ።

"እሳቸው ምን ሆነዋል?"

"ሽንቱን መቋጠር አይችልም።"

ዘይኑልአቢዲን እንደ ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀ። እሷም ሳትስቅ ጻፈች፤ ለኩላሊቴም ምርመራ አዘዘችልኝ።

ወጥተን ቧንቧ ውሃ ሰፈር ስንደርስ "የአንተ ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት።

"የእኔማ ደህና ነው።"

ስንት ዓመት ከዚህ ሰው ፊት መንገድ ቀይሬ ሸሽቻለሁ። "ታዲያ ያን ሁሉ ሰው በራስህ ላይ ለምን ታስቃለህ?"

ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ያን ቀን ገና መስማቴ ነው።

"ከሬሳዎቹ መሃል ሌላም ነፍሱ ያልወጣ ልጅ ነበር፣ ጸጋው። ብልቱ ላይ ነው የተመታው። ነርሷን ጥራት ስለው 'ሴት ናት፣ አፍራለሁ' አለኝ። እኔን አነሱኝ፣ እሱ ዝም እንዳለ ቀረ። እኔ ቀድሜ በራሴ የማወራው ሰው አፍሮ እንዳይሞት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለእኔ የሚበልጥ ነገር የለም።"