የአያ ጥበቡ ያላለቀ ዘፈን

አያ ጥበቡ መቼ ነው የሚተኙት?

ይህን ያልጠየቀኝ የንፋስ መውጫ ሰው የለም። ግድግዳ የምጋራቸው እኔ ስለሆንኩ መልሱ እኔ ዘንድ ያለ ይመስላቸዋል። የለም። እኔ ራሴ ሌሊት የማነብ ሰው ነኝ፤ ዶሮ ሲጮኽ መጽሐፌን አጥፌ ስጋደም ካሴታቸው ከግድግዳው ወዲያ ይዞራል። ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ ደግሞ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቃቸው ተከፍቶ፣ ካውያቸው ግሎ፣ የሰው ሬዲዮ ሆዱ ተዘርግፎ አገኘዋለሁ።

አንድ መንደር ከተማ መሆኑ የሚታወቀው ማዘጋጃ ቤት ሲኖረው አይደለም፤ «የዛሬ ዘፈን ዘፈን አይደለም» የሚል አንድ ሰው ሲኖረው ነው። ጎረቤት ከተሞቻችን ወገዳም አለ፣ አርብ ገበያም አለ፤ እናንተም ሰፈር አይጠፋም። ባጃጅ ውስጥ ስለ ዘፈን ከሹፌሩ ጋር የሚጣላው፣ ሠርግ ላይ ሞንታርቦው አጠገብ ቆሞ በሐዘን ራሱን የሚነቀንቀው እሱ ነው። የሌላው ከተማ ሰው ግን የሚቆረቆረው ለአገሩ ዘፈን ነው። የእኛው ሊቀ ካሴት፣ መጋቤ ባትሪ፣ ክቡር አያ ጥበቡ የሚቆረቆሩት ለፈረንጅ ሮክ ነው። ያውም ለአንድ ዘፈን። ያውም ላላለቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ወደ ጋይንት እህል ያመላልስ የነበረ አንድ ፈረንጅ ሹፌር፣ ያኔ ገና የሃያ ዓመት ወጣት ለነበሩት ለአያ ጥበቡ ቴፑን ከነካሴቱ አደራ ሰጥቶ ሄደ። በሳምንቱ እመለሳለሁ ብሎ ነበር። አልተመለሰም። ካሴቱ ላይ ስም የለም። ዘፈኑ ግን የካሴቱን አንድ ወገን ሙሉ ይይዛል። ኦርጋኑ ጭጋግ ውስጥ እንዳለ በሬ ከሩቅ እያዘገመ ይመጣል፤ ቆይቶ ከበሮው፣ ቆይቶ ጊታሩ። ሁሉም ይገናኛሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። በስተመጨረሻ ኦርጋኑ ብቻውን ደረጃ እንደሚወጣ ሰው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ሽቅብ ወጥቶ፣ አራተኛውን ሊረግጥ እግሩን ሲያነሣ፣ ቀጭ! ክሩ ያልቃል። የቀዳው ሰው ዘፈኑ ከካሴቱ እንደሚረዝም አላሰበም። አያ ጥበቡም አርባ ዓመት ሙሉ አንድ እግራቸውን አንሥተው ቆመዋል።

«ግን ምኑን ወደዱት?» ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ።

«አባቴ መሪጌታ ነበሩ» አሉኝ። «ማኅሌት ቆመህ ታውቃለህ? በዝማሜ ነው የሚጀመረው፤ ቀስ ብሎ። ከዚያ መረግዱ ይመጣል። ጭብጨባው፣ ጽፋቱ፣ መጨረሻ ነው። ይሄ ፈረንጅ ሥርዓቱን ያውቃል። የዛሬዎቹ ሲገቡም በጽፋት፣ ሲወጡም በጽፋት!»

ሱቃቸው የገባ ሰው ዘፈኑን ሳይሰማ አይወጣም። ከወንበሩ ብድግ ሲል እጃቸውን ያነሡና «ቆይ፣ ገና ነው» ይሉታል። አንድ ገበሬ ሬዲዮውን ሊቀበል ጎራ ብሎ «ቆይ፣ ገና ነው» ሲባል፣ አህያው ብቻዋን ገበያ ዞራ ተመልሳ በሩ ላይ አናፍታለች። ባለቤታቸው እትዬ ካሣነሽ በዚህ ጉዳይ አጭር አስተያየት አላቸው፤ «እኔም ቆይ ገና ነው እየተባልኩ አረጀሁ፤ ይኸው እስካሁን አልደረስንም።»

አሁን አሁን የድሮውን ረዥም ዘፈን የሚያነሡ አዳዲስ ባንዶች በዝተዋል። እኔም አንድ ሌሊት በስልኬ ስፈልግ፣ ከዘፈኑ ሃያ ዓመት በኋላ የተወለዱ አምስት ጢማም ወጣቶች ራሱን የአያ ጥበቡን ዘፈን ሲጫወቱ አገኘሁ። አሮጌ ኦርጋን ከየምድር ቤቱ ለቅመው፣ ገመዱን ጠግነው፣ የድሮውን ድምፅ ከሞት አስነሥተውታል። ዘፈኑ ሙሉ ነው፤ ሃያ አራት ደቂቃ። ጠዋት እየሮጥኩ ሱቅ ገባሁ።

«አያ ጥበቡ፣ ተገኘ!»

ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ። ፊታቸው በራ፤ ወዲያው ጨለመ።

«እነዚህን ማን እያሳደዳቸው ነው?»

«ምን ሆኑ?»

«ይሮጣሉ። ድምፃቸውም ቀጥኗል። ጢማቸው ደህና ነው፤ ምግባራቸው ግን የችኩል ነው። ዝጋው።»

«መጨረሻው እኮ አለው! የሚፈልጉት እሱን አልነበር?»

«አርባ ዓመት የጠበቅኩትን በሩጫ አልሰማም።»

ስልኩ ማዘግየት ይችላል፤ አዘገየሁት። «ዘገየ እንጂ መች ወፈረ?» ብለው መለሱልኝ።

ምሥጢሩን የደረሰበት ክንዱ የሚባል ልጅ ነው። ክንዱ ሠርግ ላይ ኦርጋን የሚጫወት፣ ጆሮው ስል የሆነ ወጣት ነው። ቴፑንና ስልኩን ጎን ለጎን ሰምቶ ሳቁን ዋጠ።

«አያ ጥበቡ፣ ቴፑ ደክሞታል። ሞተሩ እያዘገመ ነው ድምፁ የወፈረው። ዘፈኑ ሲፈጠር እንዲህ አልነበረም።»

«ደክሞታል? አርባ ዓመት ሲሠራ አንድ ቀን ደከመኝ ብሎ ያውቃል?»

«ብሎኑን እስቲ ልፍታና ላስቲኩን...»

«ልጄ፣ የሰው አደራ ይፈታል? ባለቤቱ ቢመጣ ምን ልለው ነው?»

«አሁንም ይመጣል ብለው ነው?»

«አልመጣም ብሎ የላከብህ አለ?»

ክንዱ እኔን አየኝ። የወረዳውን ሬዲዮ ሁሉ ሆድ ከፍተው ያዩት ሰው፣ አደራ ነውና የዚህን አንድ ቴፕ ብሎን ነክተው አያውቁም። በዚያ ላይ ፀሐይ ላይ አስጥተው ነፍስ በሚዘሩባቸው ያለቁ የባትሪ ድንጋዮች ነው የሚያጫውቱት። እንግዲህ ዓለም የሚያውቀው ዘፈን አንድ ነው፤ አያ ጥበቡ የሚያውቁት ሌላ። የእሳቸው ወፍራምና ዘገምተኛ ነው፤ ከእሳቸውና ሱቃቸው ከገባ ሰው በቀር በዓለም ላይ የሰማው የለም። ከግድግዳው ወዲህ ካለሁት ከእኔም በቀር።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ነገር ሆነ። የአያ ጥበቡ ቀኝ ጆሮ ካቻምና ነው ዝም ያለው። ዘንድሮ ግራውም ማንጎራጎር ጀመረና እትዬ ካሣነሽ ባሕር ዳር ወሰዷቸው። ሐኪሙ የግራው ጆሮ ከክረምት እንደማያልፍ ነገራቸው። ሲመለሱ እትዬ ካሣነሽን በሩ ላይ አግኝቼ «እንዴት ሆኑ?» አልኳቸው።

«ሐኪሙ ድምፅ ቀንሱ አላቸው። እሳቸው ሐኪሙን ቀነሱት።» ቀልዱን ጀምረው ግን አልሳቁም። «እኔን ባይሰሙኝ ግድ የለም፤ ብዙ ሰምተውኛል። ያቺን መጨረሻ ሳይሰሟት ቢቀሩ ነው የማዝነው።»

አያ ጥበቡ ባሕር ዳር በሰነበቱባት ሳምንት እኔ አንድ ገጽ አላነበብኩም። የተመኘሁት ጸጥታ መጥቶልኝ ነበር፤ መብራት አለ፣ መጽሐፍ አለ፣ ግድግዳው ዝም ብሏል። ቃላቱ ግን እንደ ደረቅ ሽምብራ ከገጹ ላይ ተንከባለሉብኝ። ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ ያነበብኩትን ሁሉ ያ ዘገምተኛ ኦርጋን ሲያነብልኝ ኖሯል። ልብ ወለድ ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ በእሱ ዘንቧል፤ ሰው ሲሞት በእሱ ተቀብሯል።

ስለዚህ ክንዱ ዘንድ ሄድኩ። ድራም የሚመታው እሱባለውና ቤዝ ጊታር የምትጫወተው ውባለም አብረውት ነበሩ። ዐቢይ ጾም ገብቶ ሠርግ ስለሌለ ሥራ ፈትተዋል። ዘፈኑን በአያ ጥበቡ ፍጥነት፣ በአያ ጥበቡ ውፍረት እስከ መጨረሻው እንዲያጠኑት ለመንኳቸው።

«ስንት ደቂቃ ነው?» አለ እሱባለው።

«በእሳቸው ቴፕ ሃያ ስምንት ይሆናል።»

«ሃያ ስምንት! ሙሽራዋ ወልዳ ትነሣለች እኮ!»

«ጾም ላይስ ዘፈን ይሆናል?» አለ ክንዱ።

«እንዲህ የሚያዘግም ነገር ጾም አይሽርም» አለች ውባለም፤ ጊታሯን አንሥታም ክሩን ማላላት ጀመረች።

ሁለት ወር ለፉ። ለፈጠነ እጅ መዘግየት ከባድ ነው፤ እሱባለው «ዱላዬ አየር ላይ ይርበዋል» እያለ ያማርር ነበር። በፋሲካ ማግስት ከምሳ በኋላ ዕቃቸውን በባጃጅ አምጥተው ሱቁን ሞሉት። ሞንታርቦውን ከአያ ጥበቡ ግራ ጆሮ በኩል አቆምን። እሳቸው ቴፑን ታቅፈው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«እናንተም ከሮጣችሁ አስወጣችኋለሁ» አሉ።

አልሮጡም። ኦርጋኑ ከጭጋጉ ውስጥ እያዘገመ መጣ። አያ ጥበቡ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ጣታቸው ቴፑ ላይ መታ መታ ማለት ጀመረ። ከበሮው መጣ፣ ጊታሩ መጣ፤ ተገናኙ፣ ተጣሉ፣ ታረቁ። እትዬ ካሣነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

ኦርጋኑ ብቻውን ቀረና መውጣት ጀመረ። አንድ። ሁለት። ሦስት። የአያ ጥበቡ እጅ እንደ ልማዱ ካሴቱን ሊያቆም ወደ ቁልፉ ሄደ።

አራት።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ክንዱ አራተኛውን ደረጃ ረግጦ ቆመ፤ ከዚያ በወጣበት መንገድ፣ አንድ በአንድ፣ መውረድ ጀመረ። የዘፈኑ መጨረሻ ይኸው ነው። ሌላ ተአምር የለውም። ስልኬ ላይ ስሰማው ቶሎ አልፎኝ ነበር፤ በእሳቸው ፍጥነት ግን የጉና ተራራ ጭጋግ ወደ ገብሱ እንደሚወርደው ነው፤ መውረዱን ሳታይ ወርዶ ታገኘዋለህ። የአያ ጥበቡም እጅ አብሮት ቀስ እያለ ወረደ። የመጨረሻው ድምፅ ቀጥኖ ቀጥኖ ሲጠፋ ቴፑ ላይ አረፈ።

«አለቀ» አሉ፤ አውድማውን ጠርጎ እንደጨረሰ ሰው።

ክንዱ አፉን ሊከፍት ሲል እትዬ ካሣነሽ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። የአያ ጥበቡ አገጭ ደረታቸው ላይ ወድቋል፤ ትንፋሻቸው ረዝሟል። ውባለም ሞንታርቦውን አጠፋች። እትዬ ካሣነሽ ጋቢ አለበሷቸው፤ ቴፑን ግን ከእቅፋቸው አላወጡትም። እኔም ሰዓቴን አየሁ፤ ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ ሰው መልስ እንዳያጣ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ነበር።