ካርቦን አያማክርም

በየከተማው፣ ዕቃውን ከመጠቀም ይልቅ ሲያስታምመው የሚኖር ሰው አይጠፋም። የሶፋውን ላስቲክ ሳያነሳ ልጆቹን ይድራል፤ የቴሌቪዥኑን ሪሞት በፌስታል ጠቅልሎ ቁልፉን በግምት ይጫናል፤ አዲስ ጫማ ያደረገ ቀን መሬት መሬት እያየ ከሰው ጋር ይላተማል። አሰላ እንዲህ ያለ ሰው አልቸገራትም፤ እንዲያውም የሁሉንም አለቃ ይዛለች። እሳቸውም የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ፣ የአንድ ካርቦን ብስክሌት ባለቤትና ባለሟል፣ ክቡር ጋሼ መርሻ ናቸው።

ጎሚስታው ቱሳ ይህን ክብር በቅርብ የማየት ዕድል ገጥሞታል፤ ዕድል ከተባለ። የጎማ ጥገና ቤቱ ከጋሼ መርሻ አጥር ጋር ይዋሰናል። ቅዳሜ ጠዋት እሱ ኮምፕረሰሩን ሲያስነሳ እሳቸው ግቢያቸው ውስጥ ገላ ማጠብ ይጀምራሉ፤ የብስክሌቱን ገላ። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ሳሙና፣ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ። ጨርቁ የባለቤታቸው የወይዘሮ አፀደ አዲስ ሻሽ መሆኑ የታወቀው ወይዘሮዋ ለክርስትና ሊሄዱ ሲፈልጉት ነው።

«ለእኔ እንዲህ ተጨንቆልኝ ያውቃል?» አሉ ወይዘሮ አፀደ ለቱሳ በአጥሩ በኩል።

«አንቺ ብትወድቂ ትጮሂያለሽ» አሉ ጋሼ መርሻ መወልወላቸውን ሳያቆሙ። «ብረትም ቢሆን ጎብጦ ያስጠነቅቃል። ካርቦን ግን አያማክርም። ዝም ብሎ ይከርምና አንድ ቀን ድንገት ይሰበራል።»

ካርቦን አያማክርም። ይህን ቃል ሰፈሩ በሙሉ ይዞታል። ከእጥበቱ በኋላ በባትሪ እያበሩ ስንጥቅ ይፈልጋሉ። ቀጥሎ ፍሬሙን በሳንቲም ቀስ እያሉ እየመቱ ጆሯቸውን ይደቅናሉ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጣቸው ፊታቸው ይፈታል። የመቀመጫውን ብሎን የሚያጠብቁት ልኩ ሲደርስ «ቀጭ» በሚል ቺያቬ ብቻ ነው። አንድ ቀን ቱሳ አዝኖላቸው «በእጄ ላጥብቅልዎት?» ቢላቸው፣ እጁን ከላይ እስከ ታች አዩትና «ያንተ እጅ ለአይሱዙ ነው የተፈጠረው» አሉት።

ላቫጆው ዘንድ የሠሩትን ደግሞ ያልሰማ የለም። የማያውቁት ሰው የያዘውን ብስክሌት በግፊት ውሃ ሲያጥብ አይተው፣ ሱፋቸውን እንደለበሱ በውሃውና በብስክሌቱ መሐል ገብተው ቆሙ። «ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል፤ ግራሱን ጠርጎ ያወጣዋል» እያሉ እስከ ክራቫታቸው በሰበሱ። እንዲህ የተሠዉለት ብስክሌት የሰውዬው አልነበረም፤ ለአንድ ሰዓት የተከራየው ነበር።

መንዳቱስ? ይነዳሉ እንጂ። ዝናብ ከሌለ፣ ነፋስ ከሌለ፣ መንገዱ ላይ ጠጠር ከሌለ፣ ፀሐዩም ቀለሙን የማይጎዳ ከሆነ። አርሲ ውስጥ እንዲህ ያለ ቀን ሲገኝ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሥራ ቀን ነው።

ቱሳ ግን የምሩን ነጂ ነው። ያንን ከባድ የብረት ብስክሌቱን እየረገጠ ዲክሲስ ደርሶ ይመለሳል። ዘንድሮ ውድድር ያቆመ ወዳጁ ከአዲስ አበባ ያገለገለ ካርቦን ብስክሌት ላከለት። ብስክሌቱ በሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ ተጭኖ፣ ከአንድ የብረት አልጋ በታች ተኝቶ አሰላ ገባ። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ እሁድ ከአሰላ ኢተያ ደርሶ መልስ ውድድር አለ። ቱሳ እንደሚያሸንፍ ጎማ ለሚያስሞላ ሁሉ ነግሯል።

ጋሼ መርሻ ሳይጠሩ መጡ። ጨርቃቸውን በፍሬሙ ላይ ሲያሳልፉ ከታችኛው ቱቦ ላይ ብድግ ያለች አንዲት የካርቦን ክር ጨርቁን ያዘችባቸው። በባትሪ ሲያዩት ፀጉር የምታህል መስመር አለች። በሳንቲም መቱት፤ ሌላው ቦታ ጥርት ብሎ የጮኸው፣ እዚያ ላይ እርጥብ እንጨት የመቱ ያህል ታፈነ።

«ይሄ አይነዳም» አሉ።

«ቀለም ነው የተጫረው ጋሼ። በሞረድ ፋቅ ፋቅ አድርጌ በኮላ እይዘዋለሁ።»

«ሞረዱን አስቀምጥ። ብናኙ ሳንባህ ገብቶ ይቀራል። ኮላህም ጎማ ላይ ነው የሚሠራው።»

«በሳንቲም ድምፅ ነው የሚፈርዱብኝ?»

«ድምፅ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ስንጥቁም ክሩም ድምፁም አንድ ነገር ሲመሰክሩ ግን እፈርዳለሁ። የኢተያን ቁልቁለት በዚህ አትወርድም። አዲስ አበባ መሣሪያ ያላቸው ሰዎች ይዩት።»

ቱሳ ደሙ ፈላ። «የእርስዎ የማይሰበረው ስለማይነዱት ነው» አላቸው።

ጋሼ መርሻ ጨርቃቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተው ሄዱ። ቱሳ የልቡን ተናግሮ ደስ ሊለው ሲገባ፣ ማታ እራት አልበላ አለው።

እሁድ ጠዋት ቱሳ ያንኑ ብስክሌት ይዞ መነሻው ላይ ቆመ። ጋሼ መርሻም ሱፋቸውን ለብሰው የራሳቸውን ብስክሌት እየገፉ መጡ። የውድድሩ አስተባባሪ እንደሻው፣ ለነገር የማይሰንፍ ሰው፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ሊያሳዩን ነው?» ሲል ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ቀጥ ብለው ቱሳ ፊት ቆሙ።

«ውረድ።»

«ጋሼ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይይ። ይሄን ንዳ። መቀመጫውን በቁመትህ ልክ አድርጌዋለሁ።»

ቱሳ ወረደ። ሚስታቸው እንኳ ሳያስፈቅዱ የማይነኩትን ብስክሌት እጁ ላይ አስይዘውት ነበር። ሳቁም ቆመ። ጋሼ መርሻ ግን ምክራቸውን ሳይሰጡ አልለቀቁትም፤ ፍሬን በአንዴ እንዳይዝ፣ ጉድጓድ እንዳይገባ፣ ሲያርፍ ግድግዳ ላይ እንዳያስደግፈው፣ ከተቻለም እላዩ ላይ እንዳያስነጥስ።

እንዲህ ያለ አደራ ይዞ ማን ያሸንፋል? ቱሳ ቁልቁለቱን እንደ ሙሽራ መኪና ወረደው። ጠጠር ባየ ቁጥር ዞረ፤ ውሃ ያቆረ ቦታ ሲያገኝ ወርዶ ገፋ። ሌሎቹ ኢተያ ደርሰው ሲመለሱ በመንገድ አገኙትና «አይዞህ መርሻ» አሉት። ኢተያ መግቢያ ላይ ጠጠር ሲያይ የፈረስ ጋሪ አላየም። ሲወድቅ ብስክሌቱ መሬት እንዳይነካ ራሱ ከሥር ገባለት። «ያ ረቢ» አለ ተጋድሞ፤ ክንዱ እየደማ መጀመሪያ ያየው ፍሬሙን ነበር።

አሰላ መጨረሻ ሆኖ ሲገባ ሰዉ ተሰብስቦ ቆሟል፤ እሱን ለመቀበል ግን አልነበረም። እንደሻው ሣር ላይ ተቀምጦ ሱሪውን ያራግፋል። አጠገቡ የቱሳ ብስክሌት ለሁለት ተሰብሮ ተጋድሟል። ጋሼ መርሻ አንገታቸውን አስግገው ወደ ኢተያ መንገድ ሲያዩ፣ እንደሻው ሰውን ለማሳቅ ተቀምጦበት በዝግታ ሜዳውን ሊዞር ሞክሮ ነበር። ትንሿን ቦይ ሲሻገር የታችኛው ቱቦ ጧ አለ።

«ምንም አልጎበጠም፣ ምንም አልነገረኝም» ይላል እንደሻው ላገኘው ሁሉ፤ ለጊዜው ነገር መፍጠሩን ትቶ።

ቱሳ ስባሪውን አየና ያን ቁልቁለት አሰበ፤ ለማሸነፍ ብሎ ሊወርድበት የነበረውንም ፍጥነት። ከዚያ የጋሼ መርሻን ስብከት ለመስማት አንገቱን ደፋ፤ ዛሬስ ይገባቸዋል ብሎ።

ጋሼ መርሻ ብስክሌታቸውን አልፈው መጡና ክንዱን ያዙ። ያን የታወቀ ጨርቃቸውን አውጥተው ደሙን ጠረጉለት።

«ጣቶችህን አንቀሳቅስ። እዚህ ጋ ያምሃል?»

«ደህና ነኝ ጋሼ። ብስክሌቱም መሬት አልነካም፤ እኔ ላይ ነው የወደቀው።»

«ሞኝ» አሉት። «ዓርብ ዕለት ስለ ብስክሌት ብዬ የለመንኩህ መሰለህ?»

ጋሼ መርሻ የእኔም ወድቋልና ሳይመረመር አይነዳም አሉ፤ ብስክሌቱን እየገፉ አብረው ወደ ሰፈራቸው ማዝገም ጀመሩ። ጋሼ መርሻ ስለ መቀመጫ ብሎን ማስረዳት ያዙ። ሰፈራቸው ሲቃረብ ቱሳ እርምጃውን ቀነሰና «ጋሼ፣ የመሪው ብሎንስ እንዴት ነው የሚጠብቀው?» ሲል ጠየቃቸው።