ትንሽ የከበደ ሻንጣ

(እንግሊዝ አገር፣ በባሕር ጠረፍ ያለችው የስካርበሮ ከተማ፤ ዝናብ የማያባራበት ከሰዓት በኋላ። ስለሚፈርስ ትዳር የተሠራና ጋዜጦች ሁሉ ያብጠለጠሉት የአገር ውስጥ አስቂኝ የፍቅር ፊልም ሊታይ ነው። በሰፊው የሲኒማ አዳራሽ ያሉት ባልና ሚስት ብቻ ናቸው፤ ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ኔቪልና ባለቤቱ ዶሪን። በፊታቸው ዶሪን የሸከፈችው አንድ ቡናማ ሻንጣ ተጋድሟል። ዶሪን በልቧ ምላለች፦ ፊልሙ ሳያልቅ ባሏ ስለ ሻንጣው አንዲት ነገር ቢላት ትቀራለች፤ ዝም ካለ ግን በማምሻው አውቶቡስ ዊትቢ ከተማ፣ እኅቷ ማቪስ ዘንድ ትሄዳለች። መመለስም የለ።)

ዶሪን፦ እግርህን ከሻንጣው ላይ አንሳ ብያለሁ!

ኔቪል፦ ሻንጣ ነው እንጂ የዘውድ ዙፋን አይደል።

ዶሪን፦ እንደሱ የሚረገጥ ዕቃ አይደለም።

ኔቪል፦ ከቤት እዚህ ድረስ የተሸከምኩት እኔ አይደለሁ? ትንሽ ከብዶኛል።

ዶሪን፦ (በተስፋ ቀና ብላ) ከበደህ?

ኔቪል፦ ትንሽ። አሁን ዝም በይ፣ ጀመረ።

ዶሪን፦ (ተስፋዋ ተሟጦ) ላንተ ሁሉም ነገር ትንሽ ነው! ማዕበል ጣሪያችንን ገንጥሎ ሲወስደውም «ትንሽ ነፋስ አለ» ነው ያልከው።

ኔቪል፦ ነበረ እኮ።

ዶሪን፦ እናትህን የቀበርን ዕለትስ?

ኔቪል፦ «ትንሽ ያሳዝናል» አልኩ። ታዲያ ደረቴን ልምታ ኖሯል?

ዶሪን፦ ከዚያ በኋላ እህል አልቀምስ ብለህ ያስጨነቅኸኝስ?

ኔቪል፦ ትንሽ አላሰኘኝም ነበር። ይልቅ ይቺን ተመልከቺ! ሚስትየዋ ልብሷን ትሸክፋለች፣ ባልየው አጠገቧ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነባል። ጋዜጦቹ እውነታቸውን ነው፤ እንዲህ ያለ ደንቆሮ ባል በምድር ላይ የለም።

ዶሪን፦ (ሻንጣውን እያየች) የለም በለኛ!

ኔቪል፦ የለም! ሻንጣ እኮ መርፌ አይደለም።

ዶሪን፦ አይቶ ዝም የሚልም አለ።

ኔቪል፦ እሱማ ጨዋ ነው። የሰው ሻንጣ ምን ይዟል ተብሎ አይጠየቅም።

ዶሪን፦ የሚስትም?

ኔቪል፦ የሚስትማ ይልቁን!

ዶሪን፦ እንግዲያውስ ብትሄድ ይሻላታል።

ኔቪል፦ የት?

ዶሪን፦ እኅቷ ዘንድ።

ኔቪል፦ እኅት የላትም። እናት ነው ያላት፤ ቅድም በስልክ ያወራቻት። ልብ ብለሽ እይ እንጂ ዶሪን! ቆይ፣ ካልገባሽ ላስረዳሽ። ይህች ሴት የምትሄደው ባሏን ጠልታ አይደለም። አፉን ከፍቶ እንዲናገር ፈልጋ ነው።

ዶሪን፦ እንዴት ገባህ እባክህ!

ኔቪል፦ ስንት ዘመን አስተማርኩ!

(ፊልሙ ወደ ፍጻሜው ይደርሳል። ባልየው በዝናብ፣ በአደባባይ መካከል ይንበረከካል።)

ኔቪል፦ ይኸውልሽ! ጭቃ ላይ ተንበረከከ። ሱሪው አለቀለት።

ዶሪን፦ ለሚስቱ ሲል እኮ ነው!

ኔቪል፦ ታዲያ ሱሪውን የምታጥበው ማን ሆነችና?

(መብራቱ ይበራል። ዶሪን ካፖርቷን ትቆልፋለች።)

ዶሪን፦ በል ደህና ሁን፣ ኔቪል። ማቪስ ዘንድ መሄዴ ነው። አልመለስም። (ሻንጣውን ልታነሳ ትሞክራለች፤ ንቅንቅ አይልላትም) ምን ጉድ ነው? እኔ የከተትኩት ቀሚስና ሹራብ ብቻ ነው!

ኔቪል፦ አትላሴ ነው።

ዶሪን፦ ምን?

ኔቪል፦ መንገድ ብትስቺስ? ማንቆርቆሪያውም አለ። የማቪስ ሻይ እኮ የዕቃ እጣቢ ነው። ከሥሩ ደግሞ ፒጃማዬና የዝናብ ጫማዬ።

ዶሪን፦ የአንተ ፒጃማ? መቼ ከተትከው?

ኔቪል፦ ጠዋት፣ ጎረቤት ልትሰናበቺ ብቅ ስትዪ።

ዶሪን፦ አንተ ሰውዬ፣ ጥዬህ ልሄድ እኮ ነው! አብረኸኝ ከመጣህ ምኑን ጣልኩህ?

ኔቪል፦ እሱን እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ። (ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ) ያላንቺ ቤቱ... ትንሽ ይሰፋል።

(ዶሪን በሻንጣው ላይ ቁጭ ትላለች። ትንሽ የተባለው ነፋስ ጣሪያ መገንጠሉን፣ ትንሽ የተባለው ሐዘን ሰውዬውን እህል መንሣቱን ታስታውሳለች። ዕድሜ ልኳን የዚህን ሰው ቋንቋ ስትፈታ ኖራለች።)

ዶሪን፦ ታዲያ እያወቅህ ለምን አልተናገርክም?

ኔቪል፦ ተናገርኩ እኮ! ገና ስንቀመጥ «ትንሽ ከብዶኛል» አላልኩሽም?

ዶሪን፦ እኔ ሻንጣው መስሎኝ!

ኔቪል፦ ሻንጣ በመሸከም ማን አማረረ? እግሬንስ የጫንኩበት ለምን መሰለሽ? እንዳይሄድብኝ ነው።

ዶሪን፦ (እየሣቀች ዕንባዋን ጠርጋ) እኔ እኮ እዚህ ቁጭ ብዬ ስታዘብህ ነበር! ለካስ ደንቆሮዋ እኔ ኖሬያለሁ!

ኔቪል፦ (ክንዱን እየሰጣት) ትንሽ።