ጋሽ ተነስ እና የተኛችው ላም

ጋሽ ተነስ እንደ ፈረስ ቆመው ነው የሚያንቀላፉት ተብሎ ይወራል። ስም ማጥፋት ነው። እንደ ማንኛችንም በጀርባቸው ይተኛሉ፤ ቦቲ ጫማቸውን አያወልቁም እንጂ። ምስክሯ ሚስታቸው ናት፤ አንሶላውን የምታጥበው እሷ ናትና።

መቼም የተቀመጠ ሰው ሲያይ የሚያመው ፍጡር የሌለበት ሰፈር የለም። የኛው ክቡር ግን የበሽታው አለቃ ናቸው። አውቶቡስ ውስጥ ለመውረድ የሚነሱት ገና እንደተሳፈሩ ነው። አንዴ ፀጉር ሲላጩ ውጭ ጩኸት ሰምተው፣ ግማሽ ጭንቅላታቸው እንደተላጨ ወጥተው ሄዱ፤ ሳምንቱን በባርኔጣ ገፉት። የእንግዳ ሳህን የሚያነሱት እንግዳው የመጨረሻውን ሳይውጥ ነው። ስማቸውም የወጣው ከራሳቸው አፍ ነው፦ "ተነስ እንጂ፣ የተኛ ምን ይሠራል?"

ሰውስ ይለምዳል። ችግሩ ላሞች ያሏቸው መሆኑ ነው።

ላም ቆማ ትበላለች፤ ስትጠግብ ትተኛና ዓይኗን ከደን አድርጋ ታመነዥካለች። ጡቷም የሚሞላው ያኔ ነው። ለጋሽ ተነስ ግን የተኛች ላም ወይ ታማለች ወይ ሥራ ፈትታለች። ቀኑን ሙሉ በረት ውስጥ ሲመላለሱ፣ አንዷ ጉልበቷን ማጠፍ ስትጀምር ከየት መጡ ሳይባል ደርሰው ዳሌዋን ቸብ። "ተነሽ እመቤት፣ እዚህ ሆቴል አይደለም።" የከብት ሐኪሙ መጥቶ፣ ይተዉአት ትረፍ፣ ቆማ የዋለች ላም ወተት የላትም ቢላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሱ ሲወጣ ጠብቀው ለሚስታቸው፣ "ራሱ ሰነፍ ነው፤ ወንበር ስንሰጠው ተቀመጠ እኮ" አሏት።

ከሁሉም የባሰባት ቦራ ናት፤ ግንባሯ ነጭ፣ ሚስትየዋ ከጥጃነቷ በእጇ እያጠባች ያሳደገቻት። ቦታዋ በሩ ሥር ስለሆነ ቀድማ የምትቀሰቀሰውም እሷ ነበረች። ባልዲ ትሞላ የነበረችው ላም የባልዲውን ወለል መሸፈን አቃታት። ጋሽ ተነስም ፈረዱ፦ ነጥፋለች፣ ትሸጥ። ባለ ሉካንዳው መጥቶ ጀርባዋን ዳበሰና በሳምንቱ መጨረሻ እወስዳታለሁ ብሎ ሄደ። ሚስትየዋ ለመነች፣ አኮረፈች። ክቡርነታቸው የሚከራከሩት እየተራመዱ ስለሆነ ጠቡ ከበረት ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ በር ሲዞር ውሎ ሳይቋጭ መሸ።

ክፋት እንደሌለባቸው ግን ታውቃለች። እናታቸው አንድ ቀን ትንሽ ጋደም ልበል ብለው በዚያው ቀሩባቸው፤ ከዚያ ወዲህ የተጋደመ ነገር አያምኑም። እሷን ራሷን ትኩሳት በያዛት ጊዜ፣ ቀና በይ እስቲ ልይሽ እያሉ በሽታው ካደከማት በላይ አድክመዋታል።

በማግስቱ ድርቆሽ ተሸክመው ሲሮጡ ወገባቸው ቀጭ አለ። ጎረቤት አፋፍሶ አልጋ ላይ ጣላቸው፤ ቦቲውንም ሚስታቸው መንጭቃ አወለቀችው። ከአልጋ ሆነው በየአፍታው፣ ቦራ ቆማለች ወይ? እያሉ ይጠይቃሉ። ቆማለች ትላለች ሚስት፣ ዓይኗን ሳታሽ። ቦራ ድርቆሹ ላይ እንደ ባለርስት ተዘርግታ ታመነዥካለች።

ባለ ሉካንዳው ገመዱን ይዞ ሲመጣ ሚስትየዋ ከቦራ የታለበውን፣ አረፋ የሞላውን ባልዲ አሳየችው። ገመዱን ጠቅልሎ ተመለሰ።

ደስታዋን ግን በቅጡ አላጣጣመችውም። ግቢው ጭር አለባት። የቦቲው ኮቴ ካልተሰማ እጇ ሥራ አልይዝ አላት፤ ማለቡን አቋርጣ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ደግሞ ትገባለች። ዓይናቸውን ከድነው ካገኘቻቸው ትነቀንቃቸዋለች። "ተነስ እስቲ አንተ ሰውዬ፣ ልይህ።"

በመጨረሻ በዱላ ተደግፈው በረት ደረሱ። ቦራ ተኝታለች። የጠዋቱ ባልዲ በሩ ላይ ሞልቶ ቆሟል። ዱላው ወደ ላሟ ዳሌ ሄደ፣ አየር ላይ ቆየ፣ ተመለሰ። ከዚያ ሰፈሩ እስከ ዛሬ የማያምነው ነገር ሆነ፦ ጋሽ ተነስ የመኖው ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። ባልዲውን አዩ፤ ላሟን አዩ፤ ብዙ አሰቡ።

"እኔ ተኝቼ ይህን ያህል ከሰጠች" አሉ፣ "ቆሜ ብጠብቃት ኖሮ ስንት ትሰጥ ነበር?"

ሚስትየዋ ባልዲውን አነሳች። ቦራም ማመንዠኳን ቀጠለች።