የእጄ ሚዛንና የእድሩ ሃርድ ዲስክ

ዕቃ ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት ምኑን ነው? መልኩን? ዋጋውን? የሻጩን ፊት? እኔ ሦስቱንም አላምናቸውም። መልክ ይቀባል፣ ዋጋ እንደ ገዢው አለባበስ ይጠራል፣ የሻጭ ፊት ደግሞ፣ በተለይ ፒያሳ ላይ፣ ጠዋት ጠዋት ከመስታወቱ ጋር አብሮ የሚወለወል ነገር ነው። እኔ ዕቃውን መዳፌ ላይ አስቀምጬ አንድ ሁለቴ ነጠር ነጠር አደርገዋለሁ። ከበድ ካለ ጥሩ ነው። ቀለል ካለ ወደ መጣበት። ሳቃችሁ አይደል? እናንተም እኮ ታደርጉታላችሁ። የስልክ ቻርጀር ሊገዛ ገብቶ፣ መዳፉ ላይ ሳያነጥረውና ራሱን ሳይነቀንቅ የወጣ የአዲስ አበባ ሰው ካለ አሳዩኝ። ዕቃው እዚያ መዳፍ ላይ ሆኖ ምን እንደሚነግረን ግን እስካሁን የጠየቀ የለም።

ይህን ሙያ ከመንገድ አላነሳሁትም። በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሃያ ሰባት ዓመት የዕቃ ርክክብ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ወንበር ሲመጣ ተቀምጬ፣ ቀለም ሲመጣ አሽትቼ፣ ወረቀት ሲመጣ ቆጥሬ ነው የፈረምኩት። ኮምፒውተር የሚባለው ነገር መምጣት ሲጀምር ኮሚቴው ግራ ገባው፤ አይቀመጡበት፣ አያሸቱት። ያን ጊዜ የእጄ ሚዛን ሁላችንንም ከጭንቅ አወጣ። ኋላ ጡረታ ስወጣ ማህተሙንም፣ ቁልፉንም፣ ወንበሩንም አስረከብኩ። ጥርጣሬውን ግን አስረክብ ያለኝ ስለሌለ ይዤው ቤቴ ገባሁ።

ሁለተኛው መመዘኛዬ ላስቲክ ነው። አዲስ ዕቃ ላስቲኩን ለብሶ ይመጣል፤ ላስቲኩ ከተነሳ የሆነ ሰው እጁን አስገብቶበታል ማለት ነው። የእኔ ቤት የቴሌቪዥን ሪሞት እስከ ዛሬ ከነላስቲኩ ነው፤ ቁጥሮቹ አይታዩም፣ ግን አዲስ ነው። ሦስተኛው መመዘኛዬ የሻጩ ስቃይ ነው። ዋጋ ስታስቀንሱት ካላላበው፣ ካልማለ፣ ከሱቅ ስትወጡ ከኋላ ካልጠራችሁ፣ ተበልታችኋል። እነዚህን ሦስቱን ይዤ ስኖር ማንም አታሎኝ አያውቅም ነበር። ቢያንስ የነገረኝ የለም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። እሪ በከንቱ የምንኖርበት ሰፈር ሊነሳ ነው። አንዱ ጎረቤት ወደ ከተማው ምሥራቅ ጫፍ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ ጫፍ ቤት ደርሶታል፤ ከእንግዲህ ስኳር ለመበደር ሁለት ታክሲ መያዝ ሊኖርብን ነው። ይህን ጊዜ የእድራችን ጸሐፊ ዘሃራ አንድ ነገር አሰበች። ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ ቤት ለቤት እየዞረች የየሰዉን አሮጌ ፎቶ ሰበሰበች። ከመሥሪያ ቤቷ በተዋሰችው ላፕቶፕና ስካነር አንድ በአንድ አንስታ ፎቶዎቹን ለየባለቤቱ መለሰች። የሠርጉ፣ የለቅሶው፣ ለኢድ የለበሱ ልጆች፣ ለጥምቀት የለበሱ ልጆች፣ ከቀበርናቸው ወዲህ ፊታቸው የጠፋብን ሰዎች፣ ሁሉም ላፕቶፑ ውስጥ ገቡ። ከነዚያ መካከል የእትዬ አስካለ ልጅ አለበት። ልጁ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ ዋናው ፎቶ ደግሞ ዘሃራ ከመለሰችላቸው በኋላ ክረምት ጣሪያቸው ሲያፈስ ረጥቦ ነጭ ወረቀት ሆነ። ስለዚህ ልጁ የቀረው ላፕቶፑ ውስጥ ብቻ ነው።

ላፕቶፑ ደግሞ አርብ መመለስ አለበት። መሥሪያ ቤቷ ሲረከብ ውስጡን አጥፍቶ ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። ፎቶዎቹን የሚይዝ ሃርድ ዲስክ፣ ያቺ የሲጋራ ፓኮ የምታህለዋ ዕቃ፣ መገዛት ነበረባት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይግዙልን» አለችኝ ዘሃራ። «እርስዎን የሚሸውድ ገና አልተወለደም።»

ይህን ሲሏችሁ ተጠንቀቁ። እኔ አልተጠነቀቅኩም፤ ደስ አለኝ።

ረቡዕ ጠዋት መጀመሪያ የሄድኩት ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ነው። እዚያ ኑረዲን የሚባል ሰው አለ፤ ሦስተኛ ሰው ከገባ አንዱ መውጣት ያለበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያገለገለ የኮምፒውተር ዕቃ ይሸጣል፣ ይጠግናል። የምፈልገውን ነገርኩት። አንድ ጥቁር ሃርድ ዲስክ አወጣልኝ። ጥጉ ተሰርጉዷል። ላስቲክ የለ፣ ካርቶን የለ።

«አንድ ቴራ ነው» አለ። «አዲስ አይደለም፣ ሁለት ዓመት ሠርቷል። እዚህ ጥጉ ላይ ወድቆ ነበር፤ ውስጡን አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው። ገመዱ ግን የራሱ አይደለም።»

አያችሁ ነገሩን? ሳልጠይቀው! በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ የራሱን ዕቃ የሚያማ ነጋዴ አላጋጠመኝም። መዳፌ ላይ አነጠርኩት፤ ቀላል ነው። ዋጋ ቀንስ አልኩት።

«አይቀንስም አባት።»

«ማልልኝ እስቲ!»

«ምን ያስምለኛል? ይውሰዱት፣ ፎቶውን ይጫኑበትና እያንዳንዱን ከፍተው ይዩት። ካልሆነ እስከ ሳምንት ድረስ ገንዘብዎን እመልሳለሁ።»

አይምልም፣ አይቀንስም፣ እመልሳለሁ ይላል። ይህን ሰው ምን ትሉታላችሁ? እኔ በልቤ ያልኩትን ልንገራችሁ፦ የተሰረቀ ዕቃ ነው። ትንሹን ጉድ የሚነግረኝ ትልቁን እንዳላይበት ነው። «ዞሬ እመጣለሁ» አልኩት። እሱም ዞሬ እመጣለሁ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ዕቃውን ወደ መደርደሪያው መለሰው።

ከዚያ ወደ ፒያሳ ወጣሁ። ፊት ለፊቱ ሙሉ መስታወት የሆነ፣ መብራቱ ዓይን የሚያጥበረብር ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ሸሚዙን የተኮሰ፣ ሽቶ የሸተተ ጎልማሳ ነው። «ፋዘር፣ ኖር!» ብሎ ከወንበሩ ተነሳልኝ። ያወጣልኝ ሃርድ ዲስክ ካርቶን ውስጥ ነው፤ ካርቶኑ ላስቲክ ለብሷል፤ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ዕቃም ሌላ ላስቲክ ለብሷል። ሁለት ላስቲክ! መዳፌ ላይ አነጠርኩት። ከበደኝ። ደስ የሚል፣ ሙሉ፣ የሚታመን ክብደት ነው። የኑረዲንን እጥፍ ይከብዳል።

«ሁለት ቴራ ነው ፋዘር፤ ከዱባይ ገና ትናንት የገባ።»

ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ አሳየኝ፤ እውነትም ሁለት ቴራ ይላል። ዋጋውን ሲጠራ ሳቅሁበት። ግማሹን ነገርኩት። ማለ። በእናቱ ማለ፣ በልጆቹ ማለ። ወጣሁ፤ ጠራኝ። እንደገና ወጣሁ፤ በር ድረስ ተከተለኝ። በመጨረሻ «ፋዘር፣ ገደሉኝ እኮ!» ብሎ ግንባሩን በመሐረብ እየጠረገ ሸጠልኝ። ከኑረዲን ባነሰ ዋጋ፣ በእጥፍ መጠን። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተለጥፏል፤ አነበብኩትና እንዲህ ነው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ብዬ አመሰገንኩት። ከሱቁ ስወጣ ልቤ እንደ ወጣትነቴ ይመታ ነበር።

ማታ ዕቃውን ለዘሃራ ሳስረክብ የኑረዲንን ነገር እየሳቅኩ አወራኋት። ዕቃውን እያማ ሊሸጥልኝ የፈለገ ሰው! ዘሃራም ፈገግ አለችና «ሱቁ በየት በኩል ነው ያሉኝ?» አለች። ማንም እንዳይሳሳት ብዬ በዝርዝር ነገርኳት፤ ከድልድዩ ቁልቁል፣ ከጫማ ጠጋኙ ቀጥሎ።

ሐሙስ ፎቶዎቹ ተጫኑ። አርብ ላፕቶፑ ተመለሰ። እሑድ እድሩ የመጨረሻ ስብሰባውን አደረገ፤ ድንኳን ተጣለ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን ወጣ፣ ሃርድ ዲስኩ ተሰካ። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጫለሁ፤ ገዢው ነኝ። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች መጡ። እልል ተባለ፣ ተሳቀ፣ «ያ ፀጉር ወዴት ሄደ?» ተባለ። ከዚያ አንዱ ግራጫ ሆኖ መጣ። ቀጣዩም ግራጫ። ስማቸው ከታች ተጽፏል፤ ፎቶው የለም። የእትዬ አስካለ ልጅ ስም መጣ። ከላዩ ግራጫ ነው። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አሉና «ይቆይ፣ ይቆይ፣ ይመጣል» አሉ። ሁላችንም ጠበቅን። አልመጣም።

ዘሃራ ቶሎ ተነስታ ወደ ቤቷ ስትሄድ አየኋት፤ ልታለቅስ ነው አልኩ። እኔም የሰው ዓይን ሳያየኝ ሃርድ ዲስኩን ነቅዬ በጓሮ ወጣሁ። አፈርኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ሌሊቱን ሙሉ እትዬ አስካለ «ይመጣል» ሲሉ እየሰማሁ አደርኩ።

ሰኞ ጠዋት መስታወቱ ሱቅ ሄድኩ። ጎልማሳው በአክብሮት ተነሳ፣ በአክብሮት አዳመጠኝ፣ በአክብሮት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አሳየኝ። ከዚያ ሌላ የምሄድበት ስላልነበረኝ ወደ ኑረዲን ወረድኩ። ዕቃውን ተቀብሎ መዳፉ ላይ አንድ ጊዜ አነጠረውና፣ ያች የእኔ ነጠር ነች፣ በቀጭን ቢላ ጎኑን ፈለቀቀው። ውስጡ አንዲት ትንሽ ፍላሽ፣ የጣት ጥፍር የምታህል፣ አለች። ከእሷ ግራና ቀኝ ሁለት ወፋፍራም ዳዶዎች በሙጫ ተለጥፈዋል። የመኪና ጎማ የሚታሰርበት ዓይነት ዳዶ ነው።

«ፍላሿ የቻለችውን ያህል ፎቶ ይዛለች» አለ። «ከዚያ በኋላ ያለውን ስሙን ብቻ ነው የጻፈችው።»

«ዳዶው ምን ይሠራል?»

ኑረዲን አንገቱን ደፋ አደረገ። «እሱማ ለሚመዝን ሰው ነው አባት።»

ለሚመዝን ሰው! አስቡት እስቲ። ከባሕር ማዶ የሆነ ሰው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ እኔ አስቧል። መዳፌን ያውቃል። ስንት ግራም ሲሆን ራሴን እንደምነቀንቅ ያውቃል። ሁለቱ ላስቲክም፣ በመሐረብ የተጠረገው ላብም ለእኔ በልክ የተሰፉ ነበሩ። ያ የተሰረጎደው ዕቃ አሁን አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ ቢያንስ የተረፉት ፎቶዎች ይግቡበት ብዬ ነው።

«ተሸጠ። ሐሙስ ጠዋት።»

ዳዶዎቹን ኪሴ ከትቼ ዘሃራ ቤት ሄድኩ። በሩን ስትከፍት ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ ሁለቱን ብረት መዳፏ ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም ተናዘዝኩ። «የሰፈሩን ሰው ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

ዘሃራ ሳቋን አፏ ላይ በእጇ ያዘችው። «ይቀመጡ እስቲ ጋሼ። የት ጠፍተው ነው? ስልክዎም ዝግ ነው።» ከቁም ሳጥኗ አንድ ጥቁር ነገር አወጣች። ጥጉ ተሰርጉዷል።

«ዕቃውን እያማ የሚሸጥ ሰው አገኘሁ ሲሉኝ ሐሙስ በጠዋት ሄጄ ገዛሁት። ሁለቱም ላይ ጫንኩ። እሑድ ያን ያስቀደምኩት እርስዎ ፊት ለፊት ተቀምጠው ቅር እንዳይልዎት ብዬ ነው። ሲበላሽ ይሄን ላመጣ ሮጥኩ፤ ስመለስ እርስዎ የሉም።»

«እትዬ አስካለስ?»

«አዩት። ሁለት ጊዜ አስደገሙን። ተሳመ፣ ተለቀሰ፣ እስኪመሽ ታየ።»

እፎይ አልኩ። ወዲያው ደግሞ ከፋኝ። ሃያ ሰባት ዓመት ዓለምን ስጠረጥር የኖርኩ ሰው፣ አንድ ቀን እኔም የምጠረጠር ዕቃ መሆኔን አስቤ አላውቅም። ዘሃራ አንድም ሳትከራከረኝ፣ ፊቴንም ሳታጠቁር፣ መዝና ወደ መደርደሪያው መልሳኛለች።

«ዋጋ አስቀነስሽው?» አልኳት።

«አይቀንስም አለኝ። ከፈልኩ።» ሃርድ ዲስኩን ቴሌቪዥኗ ላይ እየሰካች ነበር። «ሰው እሑድ በጣም የሳቀበትን ግን እርስዎ አላዩም። ይሄ የኔ ሠርግ ነው።»

የስጦታው ጠረጴዛ ነው። አበባ፣ ብርጭቆ፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ካርቶን። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ጥቁር ፀጉር ያለው፣ ሰፊ ክራቫት ያሰረ አንድ ቀጭን ወጣት ቆሟል። ፎቶ አንሺውን አላየውም። አንድ ስጦታ መዳፉ ላይ አስቀምጦ፣ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ፣ ይመዝናል። ሰው ሁሉ በሳቅ የፈረሰው ጋሼ የማንን ስጦታ ነው የሚጠረጥሩት እያለ ነበር አለችኝ።

ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብዬ ወረቀቱን አየሁት። ሰማያዊ ነው፤ ነጭ አበባ አለበት። ያን ወረቀት አውቀዋለሁ። ፒያሳ ላይ ገዝቼ ራሴ ነኝ የጠቀለልኩት።