ቤቱ ሸጋ ነው፣ ደጁ አነሰ

በየሰፈሩ ቤት የማይገዛ ቤት ገዢ አንድ አይጠፋም። ገንዘብ የለውም እንዳትሉ አለው። ፍላጎት የለውም እንዳትሉ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ ሲዞር ጫማው አልቋል። ግድግዳ ያንኳኳል፣ ቧንቧ ከፍቶ ይዘጋል፣ ጣሪያ አይቶ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ የቀረበለትን ሻይ እስከ አተላው ይጠጣል። በመጨረሻ "እስቲ እናስብበት" ብሎ ይወጣል። ባለቤቶቹ በሩን ዘግተው "ይሄ ሰውዬ ግን ምን ፈልጎ ነው?" ይባባላሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ወታደሩ ይብሳል። ሌላው ቤት ገዢ የሚያስቸግረው ዓመቱን ሙሉ እየቆራረሰ ነው። ወታደር ግን የዓመቱን ችግር በሃያ ቀን ፈቃድ አጠናቅቆ ይመለሳል።

የዚህ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ የግድግዳዎች ሁሉ መርማሪ፣ ክቡር ሃምሳ አለቃ ዱባለ ይባላል። መርካቶ፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው ያደገው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሏል። ሰላም ማስከበር ዘምቶ ባመጣት ላይ ከደመወዙ እየቆነጠረ ጨምሮ፣ ለአንድ መጠነኛ ቤት የምትሆን ጥሪት አለችው። ሚስት የለችውም፣ ልጅ የለውም። ያለችው ታናሽ እህቱ ኢየሩስ ብቻ ናት።

ኢየሩስ ሸራ ተራ፣ እትዬ ሐዋ ሱቅ ውስጥ ሸራ ትሰፋለች። የጭነት መኪና ልባስ፣ የሱቅ ጥላ፣ የዕድር ድንኳን፣ የታዘዘውን ሁሉ። ከማሽን ጋር ስለምትውል ይሁን ወይም ተፈጥሮዋ፣ ሰው ፊት ስትቆም ቃል ያጥራታል። አንድ ነገር ልትናገር አስባ እስክትጨርስ ሌላው ያንኑ ተናግሮት፣ ተስቆበት፣ ወሬው ዞሮ ሌላ ሰፈር ደርሷል። ስለዚህ ዝም ትላለች። ዝም ያለ ሰው ደግሞ ብዙ ያያል።

ወንድምና እህት ያደጉባት የኪራይ ቤት ዘንድሮ ተሸጠች። የገዙት ነጋዴዎች ሕንፃ ሊያቆሙባት ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ልቀቁ ተባሉ። ሃምሳ አለቃ በዚህ ፈቃዱ ቤት ካልገዛ ኢየሩስ ፍራሿን ተሸክማ ከአከራይ አከራይ ልትዞር ነው። ነገሩ ይኼው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ሰፈሩ ግን በሁለት ተከፍሎ ይከራከራል። ግማሹ "ወታደር ቤት ምን ያደርግለታል? ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ!" ይላል። ግማሹ "ታዲያ ጡረታ ሲወጣ ምሽግ ውስጥ ሊያድር ነው?" ይላል። ሃምሳ አለቃ ከሁለቱም ጋር ይስማማል።

የመጀመሪያው ቤት የታየው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ጀሞ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም። ያሳያቸው ደላላ ሰሚር ነበር። ሰሚር ገዢውን ማዕረግ እየጨመረ የማስደሰት ልማድ አለው።

"ሻምበል፣ ይሄ እኮ ቤት አይደለም፣ ዕድል ነው!" አለ በሩን ወለል አድርጎ።

ሃምሳ አለቃ በዕድገቱ አልተከራከረም። ግድግዳውን አንኳኳ። ቧንቧውን ከፍቶ ዘጋ። ሁሉም ደህና ነበር።

"ደጁስ?" አለ።

"ደጅ?" ሰሚር ኢየሩስን አያት፤ ኢየሩስ ወለሉን አየች። "በረንዳ አለው።"

"ሰው ሲመጣ የት ይቀመጣል?"

"ሳሎን ነዋ!"

"ብዙ ሰው ሲመጣስ?"

"ለሱ አታስብ፣ እታች የጋራ ቦታ አለ። ሁሉም ተራውን ጠብቆ ይጠቀምበታል።"

"ተራውን ጠብቆ!" አለ ሃምሳ አለቃ። "ይሄ ነገር ተራ ይጠበቅለታል እንዴ?"

"የቱ ነገር?"

ሃምሳ አለቃ "ቤቱ ሸጋ ነው፣ ደጁ አነሰ" ብሎ ደረጃውን ወረደ። ይቺ ቃል ያን ቀን ተወለደች። ከዚያ ወዲህ ከመርካቶ ወጥታ ቡራዩ ደርሳለች፣ ሰበታ ደርሳለች፣ ደላሎች በስብሰባቸው ይቀልዱባታል።

ሁለተኛው አሸዋ ሜዳ ነበር። የሳሎኑ ሴራሚክ ፊት ያሳያል። ግቢው ሰፊ ነው፤ መሃሉ ላይ ግን አንድ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ ቆሟል።

"ሻለቃ፣ ፍሬው ጉርሻ ነው!" አለ ሰሚር።

"መሃል ላይ ቆመብኝ።"

"ባለቤቱ ይቆርጡታል።"

"የሚያፈራ ዛፍ በኔ ምክንያት አይቆረጥም" አለ ሃምሳ አለቃ። ዛፉን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ እንደ ተሰናበተው ሁሉ፣ ወጣ።

ሦስተኛው ቡራዩ ነው። ዛፍ የለም፣ ደጁ ሰፊ። ሃምሳ አለቃ ከጀርባው ኮዳውን አውጥቶ ውኃ መሬት ላይ አፈሰሰ። ባለቤቱ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። ውኃው ቀስ እያለ ወደ ቤቱ ደፍ ሄደ።

"ዝናብ ቢመጣ ሰዉ እግሩ ይርሳል" አለ።

"የቱ ሰው ነው የሚርሰው፣ ኮሎኔል?" አለ ሰሚር፣ ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ሆኖ።

ፈቃዱ አልቆ ወደ ጦሩ ሲመለስም ነገሩ አይቆምም። እሁድ እሁድ ኔትወርክ የሚይዝ አንድ ጉብታ ላይ ወጥቶ ይደውላል። ደህና ነሽ ወይ አይልም። "ሰሚር ቤት አገኘሁ ብሏል። ሄደሽ ደጁን በእርምጃ ለኪልኝ። ዘጠኝ በስድስት መሆን አለበት" ይላል።

"በማን እርምጃ?"

"በኔ ነዋ።"

"አንተ እዚያ ነህ፣ ወንድም ጋሼ።"

ሃምሳ አለቃ ጉብታው ላይ ቆሞ አሰበበት። "ያንቺ አጭር ነው። የኔን አንድ ያንቺን አንድ ተኩል እናድርገው። አሥራ ሦስት ተኩል በዘጠኝ።"

ኢየሩስ ያቺን ተኩል እንዴት እንደምትራመዳት ብትጨነቅም ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። የማታውቀው ሰው ግቢ ገብታ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ በሆዷ እየቆጠረች ትሄዳለች። አንዲት ሴትዮ በመስኮት ብቅ ብለው "ምን ጠፋብሽ፣ የኔ ልጅ?" ብለዋት ያውቃሉ። "አይ… ምንም" አለች። ከአሥራ አንድ በኋላ ቁጥሩ ጠፋባትና እንደገና ከአጥሩ ጀመረች። ሴትዮዋ መስኮቱን ዘጉ።

በሦስት ዓመት ውስጥ የስምንት ሰው ደጅ በእግሯ ለክታለች።

"ወላሂ፣ ያንቺ ወንድም ቤት አይደለም የሚፈልገው" ይላሉ እትዬ ሐዋ። "የሰልፍ ሜዳ ነው! ብቻ ገንዘቡ አልወጣ ብሎት ነው እንጂ፣ ደጅ ደጅ የሚለው ሰበብ ነው።"

ኢየሩስም ውስጧ ይህንኑ ሳይጠረጥር አልቀረም።

የዘንድሮው ፈቃድ ተገባዶ ሃምሳ አለቃ ቅዳሜ ሊሄድ ሲል፣ ረቡዕ ዕለት የጎጃም በረንዳ ዕድር ያዘዘው ድንኳን አለቀ። ሸራ ከመታጠፉ በፊት መሬት ላይ ተዘርግቶ ጠርዙ ይታያል፤ ስፌቱ የዘለለው ቦታ እንዳይኖር። ኢየሩስ ከአንዱ ማዕዘን ተነስታ በጠርዙ ላይ ሄደች። እግሯ ለምዶበት ሳታስበው መቁጠር ጀመረ። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት። ቆመች። ከፊቷ ሸራው ገና አላለቀም፤ ግማሽ እርምጃ ቀርቶታል።

የተሳሳተች መሰላት። በወርዱ ዞረች። ልክ ዘጠኝ።

ሸራው ላይ ቁጭ አለች።

"ምነው፣ አመመሽ?" አሉ እትዬ ሐዋ።

"አይ።"

የዛሬ ሰባት ዓመት እናታቸው ሲያርፉ የራጉኤሏ ቤት ደጅ አልነበራትም። ዕድሩ ድንኳኑን መንገዱ ላይ ተከለው። መርካቶ ደግሞ ለማንም ለቅሶ ሥራ አይፈታም። ጆንያ የተሸከመው "ዞር በሉ! ዞር በሉ!" እያለ በለቀስተኛው መሃል ያልፋል፤ ሰው እግሩን ይሰበስባል፣ እንባውን ይጠርጋል፣ መልሶ ይዘረጋል። በሁለተኛው ቀን አንድ የእጅ ጋሪ ምሰሶውን ነቀለውና ድንኳኑ በግማሽ ጎኑ ኢየሩስ ላይ ወደቀ። በሦስተኛው ቀን ዱባለ ከግዳጅ ቦታ ደረሰ። ሻንጣውን እንዳዘለ፣ እናቱን ሳይቀብር የቀረ ሰው፣ የተነቀለውን ምሰሶ በእጁ ይዞ እስኪመሽ ቆመ። ያን ቀን የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ሰው ደጅ ሊኖረው ይገባል።"

ኢየሩስ ያኔ ሐዘን ያናገረው መስሏት ነበር።

እናት ሄደዋል። እሷ ጤነኛ ናት፣ ከማሽን ፊት ተነስታም አታውቅም። ድንኳኑ የሚለካው ለማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አይታሰብም። ይሄ መርካቶ ሁሉ ቆጥቋጣ እያለ የሚስቅበት ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ሲፈልግ የኖረው የራሱ መርዶ የመጣ ቀን እህቱን ባለጆንያ የማይረግጥበትን ቦታ ነው። ዛፍ መሃል የማይቆምበት። ዝናብ የለቀስተኛውን እግር የማያርስበት። ተራ የማይጠበቅለት።

ለማንም አልተናገረችም። ድንኳኑን አጥፋ አስረከበች።

ዓርብ ሰሚር የመጨረሻውን ቤት አሳያቸው። ከኮልፌ አለፍ ብሎ ነው። ሁለት ክፍል፣ ጭቃ ቤት፣ ላዩ በሲሚንቶ የተለሰነ። በሩ ሲከፈት ይጮሃል።

"ጄኔራል" አለ ሰሚር፣ "ከዚህ በላይ ማዕረግ የለኝም። ይሄ ካልሆነ ሥራዬን ለቅቄ እኔም ተቀጥሬ እዘምታለሁ።"

ሃምሳ አለቃ ግድግዳውን አላንኳኳም። በቀጥታ ወደ ደጁ ወጥቶ ተራመደ። ዘጠኝ። ዞረ። ስድስት፣ ለገመድ መወጠሪያም ተረፈ። ኮዳውን ደፋ፤ ውኃው ወደ ውጭ፣ ወደ ቦዩ ሮጠ። ዛፍ የለም። መንገዱ ከአጥሩ ርቋል።

ወደ በሩ ተመልሶ ከፍቶ ዘጋው።

"በሩ ይጮሃል" አለ ሃምሳ አለቃ።

"ዘይት ጠብ ይደረግበታል!"

"ኩሽናው ዘሟል።"

"ይቃናል!"

"እንግዲህ… እስቲ እናስብበት።"

"ሃምሳ አለቃ፣ በአላህ!" አለ ሰሚር። የሦስት ዓመት ዕድገት በአንድ ቃል ተገፈፈ።

ኢየሩስ ወንድሟን አየችው። ፊቱ ላይ ሌላ ጊዜ የማይታይ ነገር ነበር። ሲፈልግ የኖረውን አግኝቶ የፈራ ሰው ነው የሚመስለው። ይህን ደጅ መግዛት ማለት በራሱ መርዶ ላይ መፈረም ሆኖበታል። ነገ ደግሞ ይሄዳል።

"ወንድም ጋሼ" አለች።

ሰሚር ዞረ። በሦስት ዓመት ውስጥ ድምፅዋን ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።

"ድንኳኑ ይገባል።"

"የምን ድንኳን?"

"አሥራ ሦስት ተኩል በዘጠኝ።"

ሃምሳ አለቃ ኮዳውን መክደን ጀምሮ ተወው። "ማን ነገረሽ?"

"ሸራው።"

አንዴ ጀምራዋለች። "እኔ ነኝ የምሰፋው። ሸራ ለምን እንደሚተከል አያውቅም። ለለቅሶም ለሰርግም ስፌቱ አንድ ነው፣ ገመዱም አንድ ነው። እዚህ መጀመሪያ የምንተክለው ለሰርግ ነው።"

"የማን ሰርግ?"

"ያንተ። አንተ ካልቻልክ የኔ። የፈጠነ ይቅደም።"

"አሚን!" አለ ሰሚር፣ ምን እንደተባለ ባይገባውም።

ሃምሳ አለቃ ደጁን እንደገና አየ። አሁን አልተራመደበትም፣ በዓይኑ ብቻ ሰው እያስቀመጠበት ሄደ። የራጉኤል ጎረቤት በዚህ በኩል። የሸራ ተራ ሰው በዚያ። ከአገር ቤት የሚመጣው ዘመድ አጥሩን ተደግፎ። ጓዶቹ ደግሞ በሩ ጋ፤ እነሱ ሲጨፍሩ ቦታ ይፈጃሉ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ቆየና፣

"ለሰርግ ከሆነማ" አለ፣ "ደጁ አነሰ።"

ሰሚር ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ።

"ግድ የለም" አለ ሃምሳ አለቃ ኮዳውን እየከደነ። "እንግዳ እንቀንሳለን።"

ውሉ የተፈረመው ያንኑ ቀን ከሰዓት ነው። ቅዳሜ ወደ ጦሩ ተመለሰ። ኢየሩስ ፋሲካን ውላ ፍራሿን አስጭና ገባች። የበሩን ጩኸት እንደ ደወል ለመደችው፤ ዘይቱም ቀረ።

በቀጣዩ እሁድ ስልኩ ጮኸ። ነፋስ ይሰማል፣ ጉብታው ላይ ነው።

"ደጁ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው።"

"ለክተሽዋል? ጎረቤት አጥር ይገፋል።"

ጠዋት ለክታዋለች። አሥራ ሦስት ተኩል ነው፣ አንዲት ጣት አልጨመረም።

"አሥራ አራት" አለች።



"እንዴት ሆኖ?"

"እንጃ።"

"በደንብ ለኪው" አለ ሃምሳ አለቃ ዱባለ። "አሥራ አምስት ከሞላ ሰው አንቀንስም።"